ከወንበሩ በስተግራ፦ የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ይጠይቃሉ

ሐኪሙ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ረዳቱ የሚቀመጠው ከታካሚው በስተግራ ነው። ይህ እትም እዚያ ለሚቀመጡት ነው። በማኅበረሰብ ጤና ክሊኒክ ከሚሠሩ ረዳቶች ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ተደጋግመው የመጡትን መርጠናል። አብዛኞቹ "ምኑ ነው የተበላሸው?" የሚሉ ናቸው፤ ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችግሩ ከታየበት ቦታ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ ኦቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ጨርሶ ስከፍተው ፓውቾቹ (ዕቃው የሚታሸግባቸው የወረቀትና የላስቲክ ከረጢቶች) ረጥበው ይወጣሉ። "በእንፋሎት ተቀቅሏል፣ ምን ይሆናል?" ይሉኛል። ፎርሴፕሶቹ (የጥርስ መንቀያ ጉጠቶቹ) ደግሞ መጋጠሚያቸው ላይ እየዛጉ ነው። ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ?

መልስ፦ ይገናኛሉ። በቅድሚያ ግን፣ ረጥቦ የወጣ ፓውች እንዳልመከነ (ከጀርም እንዳልጸዳ) ይቆጠራል። እንፋሎቱ ውስጥ የነበረውን ጀርም ገድሎት ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ወረቀት ግን ጀርም አያግድም። በእጅ ሲነካ ወይም መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከውጭ ያገኘውን ከእርጥበቱ ጋር ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ዕቃው ወጥቶ በአዲስ ፓውች ይታሸግና እንደገና ይገባል። የረጠበውን ፓውች አድርቆ መጠቀም አይሆንም።

አንደኛው ምክንያት መጨናነቅ ነው። ፓውቾቹን ማስተኛትና መደራረብ ትተው በጠርዛቸው ያቁሟቸው፤ የአንዱ ወረቀት የሌላውን ላስቲክ ይይ፣ በመካከላቸውም መዳፍ በቀላሉ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ግድግዳውን የሚነካ ፓውች አይኑር። ሁለተኛው የማድረቂያውን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ ታካሚ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ነው። እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ማድረቂያ የሌለው ማሽን ከሆነ የግፊት መለኪያው ዜሮ ከደረሰ በኋላ በሩን በጣም በጥቂቱ ገርበብ አድርገው እንፋሎቱ እስኪወጣ ይተዉት። ሦስተኛው፣ ዕቃው ሲገባ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር ማለት ነው። እነዚህን አስተካክለው አሁንም ከረጠበ የበሩን ጎማ ይመልከቱ፤ ተሰንጥቆ ወይም ደርቆ ይሆናል።

ስለ ጊዜው አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አየሩን አስቀድሞ በማይመጥ ኦቶክሌቭ የታሸገ ዕቃ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ አየሩን በሚመጠው ዓይነት 134 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። የማሽኑ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእርሱ ይበልጣል። ደቂቃው የሚቆጠረው ግን ሙቀቱ ከደረሰበት እንጂ በሩ ከተዘጋበት አይደለም። ፓውቹ ላይ ያለው ቀለም መለወጡም "ሙቀት አግኝቻለሁ" ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። ማሽኑ በትክክል መግደሉን የሚያሳየው በጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር የሚደረገው ፈተና ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ውጤቱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። ዋናው ጠላት በረኪና ነው። ከታካሚ የወጣን ዕቃ በክሎሪን መዘፍዘፍ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው፤ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ተዘፍዝፎ ያድራል። ክሎሪን ብረት ይበላል፤ ያልታጠበ ዕቃ ላይ ያለው ደም ደግሞ ክሎሪኑን ያደክመዋል። ይህን ትተው ዕቃውን ገና ከወንበሩ ሳይነሳ በእርጥብ ጎዝ ይጥረጉት፤ ወዲያው የማይታጠብ ከሆነ ደሙ እንዳይደርቅበት በእርጥብ ፎጣ ይሸፍኑት። ከዚያ ወፍራሙን የጽዳት ጓንት፣ መነጽር፣ ማስክና የላስቲክ ሽርጥ ያድርጉ፤ የምርመራ ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፎርሴፕሱን ከፍተው፣ ሳሙናው ውስጥ እንደጠለቀ፣ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይፈትጉት። ከውሃው በላይ የሚፈተግ ዕቃ ፍንጣሪው ፊት ላይ ይመጣል። በደንብ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ ብርሃን ላይ ይመልከቱ፤ ከዚያ መጋጠሚያው ክፍት እንደሆነ ያሽጉት። ተዘግቶ የታሸገ ፎርሴፕስ መጋጠሚያው ውስጥ እንፋሎት አይደርስም፣ ውሃውም አይወጣም። ሁለቱ ችግሮችዎ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

ኦቶክሌቩ ውስጥ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ብረቱ ላይ ይተዋል። ያዩት ነገር ዝገት ይሁን እድፍ ለመለየት የእርሳስ ላጲስ ይበቃል። ፈትገውት ለቅቆ ከሥሩ ለስላሳ ብረት ከታየ እድፍ ነው። ጥቃቅን ጉድጓድ ከቀረ ዝገት ነው፤ ያ ዕቃ ከሥራ ይውጣ፣ ከሌሎቹ ጋር ከተቀቀለም ዝገቱን ያጋባባቸዋል።

ሀንድፒስ (የጥርስ መቦርቦሪያው) ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አይዘፈዘፍም፣ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን) ውስጥም አይገባም። ውጩ ይጠረጋል፣ ዘይት ይሰጠዋል፣ ትርፍ ዘይቱ እንዲወጣ ለጥቂት ሰከንድ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ይታሸጋል።

ጥያቄ፦ ሰክሽን (የውሃና የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ) ስይዝ ታካሚው ያቅለሸልሸዋል። ወደ ውጭ ስስበው ደግሞ ሐኪሟ "አይታየኝም፣ ውሃው ሞላ" ይላሉ። በትክክል የት ላድርገው?

መልስ፦ አቀማመጥዎን ያስተካክሉ፤ ብዙው ችግር ከዚያ ነው። የታካሚውን ፊት እንደ ሰዓት ይዩት፤ አናቱ 12 ላይ፣ አገጩ 6 ላይ ነው። ሐኪሟ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ከሆነ የእርስዎ ቦታ ከ2 እስከ 4 ነው። ዓይንዎ ከሐኪሟ ዓይን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በእኩል ቁመት ከተቀመጡ የሚያዩት የሐኪሟን እጅ ነው፣ ጥርሱን አይደለም። ጎንበስ እያሉ የሚሠሩ ከሆነ ወንበርዎ ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

ሰክሽኑን በቀኝ እጅዎ ይያዙ፤ ግራ እጅዎ ለአየርና ውሃ መርጫው እንዲሁም ዕቃ ለማቀበል ነፃ ይሁን። ጫፉ ከመስታወቱም ከሀንድፒሱም ቀድሞ አፍ ውስጥ ይግባ። ሐኪሟ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚገባ ሰክሽን ሁልጊዜ እጃቸውን ይገፋል።

የት እንደሚያርፍ እንዲህ ያስታውሱ፦ ጫፉ ከሚሠራው ጥርስ ገጾች ለእርስዎ በሚቀርበው በኩል ይሁን። በታካሚው ግራ ያሉት መንጋጋዎች ሲሠሩ በጉንጭ በኩል፤ በቀኝ ያሉት ሲሠሩ በምላስ በኩል። ፊት ጥርሶች ላይ ሐኪሟ በከንፈር በኩል ከሠሩ እርስዎ በምላስ በኩል ይሁኑ፤ እርሳቸው በውስጥ ከሠሩ እርስዎ በውጭ። የተቆረጠው የጫፉ አፍ ከጥርሱ ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከፍታው ከማኘኪያው ገጽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ አለፍ ያለ። ጥርሱን እንዲነካ አይፈልጉ፤ ወደ ጥርሱ ቀረብ ማለቱ ውሃው ወደ ጉሮሮ ሳይወርድ እንዲቀር ያደርጋል።

የሚያቅለሸልሸው ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው፤ የኋላው ለስላሳ ላንቃ፣ የምላስ ሥርና የእንጥል ዙሪያ። ጫፉ እነዚህን በስሱ ሲዳስሳቸው በጽኑ ከመጫን የበለጠ ያስነሳሉ። ስለዚህ ሰክሽኑ አየር ላይ አይንሳፈፍ፤ ጉንጩ ላይ ወይም ድዱ ላይ በእርግጠኝነት ይደገፍ። ታካሚው በአፍንጫው እንዲተነፍስ አስቀድመው ይንገሩት። ቁንጥንጥ ካለ አንድ እግሩን ትንሽ አንስቶ እንዲቆይ ማድረግ ይረዳል፤ ትኩረቱ ከጉሮሮው ይነሳል። ጉንጭ ወይም ምላስ ከተሳበ ጫፉን አይጎትቱ፤ ወደ ጎን ያዙሩት፣ አየር ሲገባ ይለቃል።

ሳይጠየቁ አንድ እንጨምር። ትንሿ ምራቅ መሳቢያ አፍ ውስጥ እያለች "ከንፈርዎን ግጥም ያድርጉ" አይበሉ። ታካሚው ሲመጥ በአፉ ውስጥ ያለው ግፊት ከቱቦው ግፊት ሊያንስ ይችላል፤ ያኔ ቱቦው ውስጥ የቀረው የፊተኛው ታካሚ ምራቅ ወደ አፉ ይመለሳል። በየታካሚው መካከልም ንጹሕ ውሃ እንድትመጥ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በግላስ አዮኖመር (ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ በሚሠራው የጥርስ መሙያ) የምንሞላቸው ጥርሶች በሳምንት በሁለት ሳምንት ይወድቃሉ። ሐኪሙ "የአደባለቅሽ ነገር ነው" ይላሉ። እኔ በመመሪያው መሠረት ነው የማደባልቀው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በዚህ ማቴሪያል አደባለቅ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ በትክክል የተደባለቀ ግን ግማሽ ደቂቃ ቀድሞ የተደባለቀ ግላስ አዮኖመር እንደ ተበላሸ ይቆጠራል።

ከዱቄቱ እንጀምር። ጠርሙሱ ቆሞ ሲቆይ ዱቄቱ ከሥር ይጠጥራል፤ ከመክፈትዎ በፊት ቀስ ብለው ይነቅንቁት። በአምራቹ ማንኪያ ይዝቁ፤ የአንዱን ምርት ማንኪያ ለሌላው አይጠቀሙ። ሳይጫኑት በጠርሙሱ አፍ ጠርዝ ላይ ያስተካክሉት። ክዳኑን ወዲያው ይመልሱ፤ ዱቄቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ፈሳሹ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጠብታው ነው። ጠርሙሱን መጀመሪያ በጎኑ ያዘንብሉት፣ አየሩ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይገልብጡና ሳይጨብጡ አንድ ጠብታ ይጣሉ። አረፋ የያዘ ጠብታ ትልቅ ይመስላል፣ ፈሳሹ ግን ያነሰ ነው። እርሱን ጠርገው ሌላ ይጣሉ። በብዙ ምርቶች ልኩ አንድ ሙሉ ማንኪያ ለአንድ ጠብታ ነው፤ የእናንተውን ከካርቶኑ ያረጋግጡ።

ዱቄቱን ለሁለት ይክፈሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ በ10 ሰከንድ ገደማ ከፈሳሹ ጋር ያዋሕዱ፤ ሁለተኛውን ጨምረው ጠቅላላው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ይለቅ። የላስቲክ ስፓቹላ ይጠቀሙ። ወረቀቱ ላይ በሰፊው አይለጥጡት፤ ሳንቲም የምታክል ቦታ ትበቃለች፣ ሲሰፋ ቶሎ ይደርቃል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ቀዝቃዛ የመስታወት ሰሌዳ የሥራ ጊዜውን ያረዝመዋል፤ ጤዛ ካወጣ ግን ጠርገው ያድርቁት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ድብልቁን ይዩት። እንደ እርጥብ ነገር ያብረቀርቃል? ያ ብርሃን ገና ያልተጠመደ አሲድ ነው። ከጥርሱ ካልሲየም ጋር የሚያያዘው እርሱ ነው። ብርሃኑ ጠፍቶ ከደበዘዘ አሲዱ ከዱቄቱ ጋር ጨርሷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባም ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ነው እንጂ አልተጣበቀም። ይጣል። ዱቄት ሲያንስ ደግሞ ለመሥራት ምቹ ይሆናል፣ ያብረቀርቃልም፤ ግን ደካማ ይሆናል፣ ምራቅ ይበላዋል።

ስለዚህ ስምምነት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ጉድጓዱን በኮንዲሽነር (በአብዛኛው 10 በመቶ ፖሊአክሪሊክ አሲድ ነው) ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቀብተው፣ አጥበው፣ በጥጥ አድርቀው "ደርቋል" እስኪሉ ድረስ ስፓቹላውን አያንሱ። ኮተን ሮሎቹን (ምራቅ የሚመጡትን የጥጥ ጥቅሎች) እርስዎ ይቆጣጠሩ፤ የረጠበውን ከመለወጥዎ በፊት አዲሱን በሌላው እጅ ያዘጋጁ። ኮንዲሽነር ከተደረገ በኋላ ምራቅ አንዴ ከነካው ጥርሱ እንደገና መታጠብና መቀባት አለበት፤ "ትንሽ ናት" ተብሎ በአየር ተነፍቶ የሚታለፈው ሙሌት ነው በሁለት ሳምንት የሚመለሰው። አየር አብዝቶ ማድረቅም ያው ጉዳት አለው፤ ጥርሱ ነጥቶ ኖራ ከመሰለ ከመጠን በላይ ደርቋል።

ሙሌቱ ከገባ በኋላ ቫዝሊን በተቀባ ጓንት ጣት ለ20 ሰከንድ ያህል ይጫናል፣ ትርፉ ይነሳል፣ ገጹ ቫዝሊን ወይም ቫርኒሽ ይቀባል፤ ታካሚው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አይበላበትም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከወደቀ ወቀሳው ከእርስዎ ይነሳ። ሁለት ገጽ የያዘ ሰፊ ጉድጓድ ላይ ግላስ አዮኖመር በባሕርዩ ደካማ ነው። የወደቁትን ለአንድ ወር በጥርስ ቁጥርና በገጽ ይመዝግቡ፤ ሁሉም ሁለት ገጽ ያላቸው ሆነው ከተገኙ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ማቴሪያል ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ የማደንዘዣ መርፌ ክዳን ስመልስ ጣቴን ወጋኝ። በበረኪና ጠረግሁት፣ ደሙንም ጨምቄ አወጣሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ግን አሁን ዋናው ጊዜው ነው። ወዲያው ከሥራ ተነሥተው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። መጭመቅ ጥቅሙ አልታየም፤ በረኪና ቆዳን ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ የተረጨ ከሆነ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ኮንታክት ሌንስ ካለ ይወጣል። ከዚያ በቀጥታ ለኃላፊው ይንገሩ፤ ሰዓቱ፣ የመርፌው ዓይነት፣ ጥልቀቱና የታካሚው ማንነት ይጻፍ። ታካሚው ፈቅዶ ከተመረመረ ውሳኔው ይቀላል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። "ታካሚዎቼን ልጨርስና" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

አደጋው ምን ያህል ነው? ከኤችአይቪ ታካሚ የወጣ መርፌ ሲወጋ ቫይረሱ የሚተላለፈው ከ1,000 በ3 ገደማ ነው። ክትባት ላልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከዚያ እጅግ ይብሳል፤ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ከሦስተኛው አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይተው ክትባቱ መሥራቱን በደም ምርመራ ያረጋግጡ። ይህን ሳያሟሉ ዕቃ ማጠቢያው ጋ መቆም የለብዎትም።

ክዳኑን በሁለት እጅ መመለስ ይቁም። ክዳኑ ትሪው ላይ ይተኛ፤ በአንድ እጅ ብቻ መርፌውን ወደ ክዳኑ አስገብተው ያንሱት፣ ከዚያ ቀጥ ካለ በኋላ ይጫኑት። የሚመልሰውም የወጋው ሰው ነው፤ ክፍት መርፌ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ሌላው ተረስቶ የሚወጋ ነገር ሀንድፒስ ላይ የቀረ ቡር (የመቦርቦሪያው ሹል ጫፍ) ነው፤ ሲሰቀል ክንድ ይቧጭራል። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያው ሳጥን) ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ ላዩ ላይ መርፌ እየታየ የሚጨመርበት ሳጥን ሌላ መርፌ ነው።

ጥያቄ፦ የማደንዘዣ ካርትሪጅ (መድኃኒቱ የሚመጣበት ትንሽ ቱቦ) ውስጥ አረፋ አለ። ይጣል?

መልስ፦ መጠኑን ይዩ። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆነች አረፋ ፋብሪካው ውስጥ የገባ ናይትሮጅን ናት፣ ምንም አይደለም። አረፋው ትልቅ ሆኖ ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ ካርትሪጁ በረዶ ሆኖ ያውቃል፤ ይጣል። አረፋ ሳይኖር ጎማው ከወጣ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሆናል፤ እርሱም ይጣል። ካርትሪጅ በአልኮል ጎዝ ይጠረጋል እንጂ አይነከርም። ቢጫ ያደላ ፈሳሽ ደግሞ ኢፒነፍሪኑ (ከማደንዘዣው ጋር የተቀላቀለው የደም ሥር ማጥበቢያ መድኃኒት) እንደተበላሸ ይጠቁማል።

የተጠቀማችሁባቸውን ካርትሪጆች ትሪው ላይ ደርድረው ያቆዩ፣ ሥራው ሳያልቅ አይጣሉ። 2 በመቶ ሊዶኬይን የያዘ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ነው። ጥንቃቄ የሚመርጡ ሐኪሞች ለሕፃን በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራምን ጣሪያ ያደርጋሉ፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 88 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ ሁለት ካርትሪጅ 72 ስለሚሆን ሦስተኛው ጣሪያውን ያልፋል። ልኩን የሚወስኑት ሐኪሙ ናቸው፤ ቆጣሪዋ ግን እርስዎ ነዎት። ልጁን ከመቀመጡ በፊት መዝነው ኪሎውን ካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ታካሚዎች መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን ይስታሉ። እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመውደቁ በፊት ይታወቃል፦ ፊቱ ይነጣል፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ጠብ ጠብ ይላል፣ ያዛጋል፣ "ሞቀኝ" ይላል። ሐኪሙ አፍ ውስጥ ስለሚያዩ ፊቱን የሚያየው ረዳቱ ነው። አንድ ቃል ይበቃል፦ "እንቁም።" አፍ ውስጥ ያለው ጥጥና ዕቃ ሁሉ ይውጣ፣ ወንበሩ ይተኛ፣ እግሩ ከልቡ ከፍ ይበል፣ የአንገት ልብሱ ይላላ፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይታይ። አብዛኛው በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል፤ ካልነቃ ወይም ካልተነፈሰ ተራ ራስን መሳት አይደለም፣ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ይጠራ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል ትበል። ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አይተኛም፣ ይቀመጣል። ከነቃና መዋጥ ከቻለ፣ ስኳር በሽተኛ ከሆነ ወይም ሳይበላ ከመጣ 15 ግራም ስኳር በውሃ ይጠጣ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሲነሣ ወንበሩ በደረጃ ይነሣ።

ጠዋት "ቁርስ በልተዋል?" ብሎ መጠየቅ የዚህን ግማሽ ያስቀራል። ሲሪንጁም ከአገጭ በታች ይቀበል፤ በዓይን ፊት አይለፍ።

ጥያቄ፦ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የምንነግራቸውን ማንም አይከተልም፤ በማግስቱ ደም እየፈሰሰ ይመጣሉ።

መልስ፦ የምትነግሩት መቼ ነው? አፉ ደንዝዞ፣ ጎዝ ነክሶ፣ ለመሄድ ቸኩሎ ሳለ ከሆነ አይሰማም፣ መጠየቅም አይችልም። መርፌው ተወግቶ እስኪደነዝዝ የምትጠብቁት ደቂቃ አለ፤ ምክሩ ያኔ ይነገር፣ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይንገራችሁ።

ጎዙ ተጣጥፎ በውሃ ይርጠብ፤ ደረቅ ጎዝ ከረጋው ደም ጋር ይጣበቅና ሲወጣ ይዞት ይመጣል። ልኩ ጉድጓዱ ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ አጠገቡ ባሉት ጥርሶች ላይ ከተዘረጋ ታካሚው የሚነክሰው ጥርሶቹን ነው፣ ደሙ አይጫንም። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳይከፍት፣ በየደቂቃው ሳይፈትሽ ይንከስ። ለ24 ሰዓት መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መጠጣትና ማጨስ የለም፤ ሁሉም የረጋውን ደም ይስባሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ በአፉ ይያዝ። ምራቁ ሮዝ ቢመስል ለአንድ ቀን ያለ ነው። አፉን የሚሞላ ደም ከሆነ አዲስ እርጥብ ጎዝ 30 ደቂቃ ይንከስ፤ ካልቆመ ይመለስ። ለሕመሙ አስፒሪን በራሱ አይውሰድ፤ ሐኪም ለልቡ ያዘዘለት ከሆነ ግን አያቋርጥ። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው በሦስተኛው ቀን ገደማ ከባሰ፣ ሽታም ካመጣ ጉድጓዱ ደርቆ ይሆናል፤ መጥቶ ይታይ። ለእናቶች ደግሞ አንድ ቃል፦ ልጁ ከንፈሩ እስኪፈታ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠበቅ፤ ደንዝዞ ሳለ አኝኮ ያቆስለዋል።

አጫጭር

*ጠዋት የሀንድፒሱን ውሃ ለምን ያህል ጊዜ ልልቀቅ?* በቀኑ መጀመሪያ ለ2 ደቂቃ፤ በየታካሚው መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሲያድር ጀርም ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ውሃ መልቀቅ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ ውሃው የሚመጣበት ጠርሙስ ማታ ተደፍቶ ይደርቅ።

*ለወለልና ለወንበር በረኪና ስንት ለስንት?* 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ደሙ መጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዚያ ይፈስስና 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ።

*ልጁ የራጅ ፊልሙን አልይዝ ሲል እኔ በጣቴ ብይዝለትስ?* አይያዙ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ፊልም መያዣ ካልሠራ ወላጁ መከላከያ ሽርጥ ለብሶ ይይዝለት። እርስዎ ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው፣ ከጨረሩ መስመር ውጭ ወይም ከግድግዳ ኋላ ይቁሙ።

*ሐኪሙ ሲቀሩ "አንቺ ውጊያቸው፣ እስኪመጡ ይደነዝዛል" ይሉኛል።* አይውጉ። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ታሪኩን መጠየቅ፣ የደም ግፊቱን መለካት፣ ትሪውን ማዘጋጀትና ታካሚው አለርጂ ካለው ካርዱ ላይ በቀይ መጻፍ ነው። ሐኪሙ ሲደርሱ አምስት ደቂቃ ይተርፋቸዋል።